መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው

አንድ ጊዜ አንድ አህያ በጨለማ ሲጋልብ ድንጋይ አደናቀፈውና በግንባሩ ተደፋ።

ድንጋዩ «ቀስ በል» አለው።

አህያው ተነሥቶ እንደገና ሊሮጥ ሲል ድንጋዩ አንገቱን አወጣ። ኤሊ ነበረች።

«ይቅርታ እማማ፤ አላየሁዎትም» አለ እያለከለከ።

«እኔ ግን አይቼሃለሁ። በላዬ ላይ ነበርክ። ማን አባረረህ?»

«እንጃ።»

«ስንት ናቸው?»

«አልቆጠርኳቸውም።»

«አይተሃቸዋል?»

«ዞሬ አላየሁም እማማ። ዞሮ ሲያይ የቆመ አህያ ቤቱ አይገባም።»

«ታዲያ ምን ሰማህ?»

አህያው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠብ ጠብ» አላት።

«እዚህ አገር ስኖር መቶ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠብ ጠብ የሚል ጅብ አላውቅም» አለች።

የአህያው ስም ቡላ ነው። ጌታው ጫኔ የሚባል ባላገር ነው። ጫኔ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭነት ግን ያበዛል። ቡላ ገብስና ጤፍ ሲሸከም ኖሮ ጀርባው ገጠበ። ዝንብ አረፈበትና ቁስሉ አልድን አለ። አንድ ማታ ጫኔ ለሚስቱ «አውድማው እስኪያልቅ ካልዳነ እንግዲህ ከደጅ ይደር» ሲላት ቡላ ሰማ። በዚያ አገር «ከደጅ ይደር» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አህያ የለም። ከደጅ ያደረ አህያ ጧት ሲፈለግ ኮቴው ብቻ ይገኛል።

አውድማው ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ቡላ በማግስቱ ለግጦሽ እንደወጣ በዚያው ወደ ፍል ውሃው ሄደ።

ፍል ውሃው ከገደል ሥር የሚፈልቅ ትንሽ ነገር ነው። ቀን ለብ ያለ ነው፤ ቢነከሩበትም ባይነከሩበትም ያው ነው። ጎህ ሊቀድ ሲል ግን ለጥቂት ጊዜ ይግላል፤ ቁስል የሚያደርቀውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛ የሆነ እዚያው ያድራል። የሚያድረውም ብቻውን ነው። ሁለት ሆነው ሲያድሩ ወሬ ይይዙና ሰዓቷ ታልፋቸዋለች። ሦስት ሌሊት ተከታትሎ ያደረ ይድናል። ከመካከሉ አቋርጦ የወጣ ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ያቋረጠ ተራውን ያጣል። ተራ የምትጠብቀው፣ ደንቡን የምታስከብረው ኤሊ ናት።

ማደሪያውም ደህና ማደሪያ ነው። የግራር እሾህ ድርብ ሆኖ ታጥሯል። በሩም እሾህ ነው። መቀርቀሪያው ደግሞ ከውስጥ የሚሳብ ግንድ ነው። ውስጥ ያደረው በጥርሱ ካልሳበው በቀር ማንም አይከፍተውም።

«ዛሬ ሁለተኛህ ነው» አለች ኤሊ። «ትናንት ወጣህ። ዛሬም ወጣህ። አንድ ጊዜ ከደገምክ ተራው የግመል ነው።»

«ግመሉ ትንሽ ቢቆይልኝስ?»

«ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ እያመነዠከ ነው። በቆየ ቁጥር የሚያሳዝን ፊት ያሳየኛል።»

«ጀርባዬስ?»

«ከክረምት በኋላ ትመጣለህ።»

ቡላ እስከ ክረምት የሚቆይ ጀርባም የሚታገሥ ጌታም አልነበረውም። አንገቱን ደፋ።

«እሺ፤ እርስዎ አብረውኝ ይደሩ» አለ።

«ደንቡን ላፍርስልህ? ደግሞም እኔ ሌሊት እተኛለሁ። አሁን ተመለስና በርህን ዝጋ። የዛሬው አይቆጠርልህም፤ ግን እደር። ነገ ቀን እመጣለሁ። የምናየው ነገር አለ።»

ቡላ ተመልሶ ገባ። መቀርቀሪያውን በግንባሩ ገፍቶ ዘጋና መካከል ላይ ቆመ።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሁለት ሆነው ይሰሙ ነበር። አንዷ ቀበሮ ናት። ሁለተኛው አያ ጅቦ ነው። እሱ እንኳ አይሰማም ነበር፤ ከመንገድ ያገኘውን አሮጌ ጠፍር ያኝካል።

«ወጥቶ ነበር እኮ። በፊትህ አለፈ» አለች ቀበሮ።

«ማን?»

«አህያው።»

አያ ጅቦ ማኘኩን ተወ። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬህ ነበር። ስበላ አታናግሪኝ አልከኝ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፤ ስበላ አልወድም።»

ከዚያ ተነሥቶ ሄደና አጥሩን በአፍንጫው ገፋው። ወዲያው ተመለሰ። ሦስት እሾህ ይዞ መጥቷል።

«እኛ አንገባም» አለች ቀበሮ እሾሁን እየነቀለችለት። «መግባትም አያስፈልገን። ሁለት ሌሊት ማንም ሳይነካው ራሱ ከፍቶ ወጣ። በጠብታ ውሃ እንዲህ ከሮጠ፣ እኛ ትንሽ ብናግዘው የት ይደርስ ይመስልሃል?»

«የት ይደርሳል?»

«ሆድህ ውስጥ።»

አያ ጅቦ ይህን ወደደው። «ሁለት እግሩ ያንቺ ነው» አላት። ጥቂት ቆይቶ «አንድ እግሩ» አለ። ሊለያዩ ሲሉ ደግሞ «ጆሮ ትወጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ኤሊ በማግስቱ ጧት ተነሥታ ቀትር ላይ ደረሰች። ቡላ ዓይኑ ቀልቶ ቆሟል።

«የሰማኸውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገረኝ» አለችው።

«ጠብ ጠብ የሚለውን ነግሬዎታለሁ። ሌላው ሲጥ ይላል። ሲጥ ብሎ ዝም ይላል፤ ሄደ ስል ደግሞ ሲጥ። ሌላው ይንሿሿል፤ ብዙ ቢላዋ ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል። አንዱ ደግሞ አለ እማማ፤ እሱ ይተነፍሳል። እፍፍ ይላል። ከኋላዬ ነው የሚመጣው።»

«ና» አለችው።

ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ኤሊ ሌላ አካሄድ የላትም። ከገደሉ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ከሥሩ መንገደኛ የጣለው ባዶ ቅል ወድቋል። ጠብታው ቅሉ ላይ ሲያርፍ ጠብ ጠብ ይላል።

ቡላ ቅሉን በአፍንጫው ነካው። «ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«እርስዎን የረገጥኩት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ቡላ ጆሮው ወደቀ።

«አትፈር» አለችው። «ቀን ቅል የሆነ ነገር ሌሊት ጅብ ይሆናል። ነገሩ እንዲያ ነው። ስሙን ደጋግመህ ጥራው፤ ቅል መሆኑ ትዝ ይለዋል።»

ሲጥ የሚለው ሁለት የግራር ቅርንጫፎች ነበሩ፤ ነፋስ ሲመጣ ይፋተጋሉ። እፍፍ የሚለው ፍል ውሃው ራሱ ነው፤ ከድንጋይ ስንጥቅ እንፋሎት ይተፋል። ቢላዋ ተሸካሚውን ፍለጋ ወደ አንድ ጉድጓድ ወረዱ። ኤሊ በእግሯ መሬቱን መታ መታ አደረገች። ጃርት እንቅልፉን ሳይጨርስ ወጣ። ሲወጣ እሾሁ ተንሿሿ።

ጃርት ቡላን አየና ወደ ኋላው አፈገፈገ። «ይሄ ነው!» አለ። «እማማ፤ ሌሊት መሬቱን ሲደበድብ የነበረው ይሄ ነው። ሁለት ሌሊት እህል አልቀመስኩም። ብቅ ባልኩ ቁጥር ዝሆን መጣ ብዬ ወደ ጉድጓዴ ተመለስኩ።»

«እኔ ነኝ የፈራሁት» አለ ቡላ።

«ማንን?»

«አንተን።»

ጃርት የራሱን ጀርባ ዞሮ ለማየት ሞከረ። ደስ ያለው ይመስላል። «በል እንግዲህ፤ ዛሬ ማታ በዚያ በኩል አልፋለሁ» አለ። «ሳልፍ አንዴ እስላለሁ። አንተም ሰማሁ ለማለት ጆሮህን አራግፍ።»

መጨረሻ ላይ ወደ ቦዩ ሄዱ። ከፍል ውሃው የሚተርፈው ውሃ በቦዩ በማደሪያው በር ፊት ያልፍና ማዶ ካለው ረግረግ ይገባል። በቦዩም በረግረጉም እንቁራሪት ሞልቷል። ይንጫጫሉ። ቡላ አንድ እርምጃ ወደ ቦዩ ሲጠጋ የቦዩ እንቁራሪቶች ጸጥ አሉ። የረግረጉ እንቁራሪቶች ግን ቀጠሉ። ቡላ ወደ ኋላ ሲመለስ የቦዩዎቹም ጀመሩ።

«ዘበኞቼ ናቸው» አለች ኤሊ።

«ጅብ ሲመጣ ይጮኻሉ?»

«ዝም ይላሉ። የሚሠሩት ዝም ብለው ነው። እግር ያለው ነገር በአጠገባቸው ሲያልፍ ትንፍሽ አይሉም።»

ቡላ ይህ ሁሉ ቀለል አለውና አንዴ አናፋ። ገደሉም አናፋ። ቡላ ደነገጠ። «ሌላ አህያ አለ እንዴ?»

«ገደል ነው። የሰጠኸውን ይመልሳል። አንድ ድምፅ እዚህ ሁለት ነው፤ ይህንንም ያዝ።»

ኤሊ ልትመለስ ስትል ቡላ መንገዷ ላይ ቆመ። «እማማ፤ ሁሉንም አውቄ ደግሞ ብፈራስ?»

«ትፈራለሃ። አህያ ነህ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ሲብስብህ መሬቱን ረግጠህ ኮቴህን ቁጠር። አራት ከሆኑ አልተበላህም።»

ያ ቀን መሸ። ጠብ ጠብ አለ፤ ቡላ «ቅል» አለ። ሲጥ አለ፤ «ግራር» አለ። ቢላዋ ተሸካሚው መጣ፤ በአጥሩ በኩል አንዴ ሳል አለ። ቡላ ጆሮውን አራገፈ። ጃርት መንገዱን ቀጠለ። መልካም ጎረቤት ነው።

እኩለ ሌሊት ላይ ግን ሌላ መጣ። ዱብ ዱብ ዱብ። ይህን ኤሊ አላሳየችውም። ፈጣን ነው፤ ቅርብም ነው። ቡላ ወደ በሩ ሄደ፤ እሱም አብሮት ሄደ። ወደ መካከል ተመለሰ፤ አብሮት ተመለሰ። ቡላ መቀርቀሪያው ላይ ጥርሱን አሳርፎ ቆመ። ቆይቶ ገባው። ከገዛ ደረቱ ነበር የሚመጣው።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለው ልቡን። «አንተማ የቤት ልጅ ነህ።»

ጥርሱን ከግንዱ አነሣ። ጎህ ሊቀድ ሲል ውሃው ጋለ። ቡላ ገብቶ እስከ ጀርባው ተነከረ። አቃጠለው፤ ደግሞም ደስ አለው። አንድ ሌሊት ተቆጠረ።

በሁለተኛው ሌሊት ምንም እንግዳ ድምፅ አልነበረም። ቀበሮ ናት የመጣችው፤ እሷ ደግሞ ስትናገር ድምፅዋ ማር ነው።

«ቡላዬ፤ እንዴት አመሸህ?» አለች በእሾሁ ስንጥቅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ጎረቤትህ ነኝ፤ ቀበሮ። ብቻውን ነው ሲሉኝ አንጀቴ አልችል አለኝ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ያ አህያ...» ብላ አቋረጠች።

«የቱ አህያ?»

«ተወው። ልትተኛ ነው፤ ላስፈራህ አልፈልግም።»

«ምን ሆነ?»

«ተወው አልኩህ እኮ። ዓይኑ ልክ የአንተን ይመስል ነበር።»

ቡላን ጠብታውም ቅርንጫፉም እንዲህ አላስፈሩትም። የአሁኑ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

«ይሄ አጥር ደግሞ ሳስቷል» አለች ቀበሮ ዙሪያውን እየሄደች። «እኔ ያልኩ እንዳይመስልህ። ግን ጅብ ቢመጣ አንዴ ቢገፋው አለቀ። እኔ ጥሩ ዋሻ አለኝ፤ ሁለታችንን ይበቃናል። ውጣና ልውሰድህ።»

ቡላ እንደምንም ብሎ «አጥሩ ከሳሳ እስቲ አንቺ ግቢና ሳስቶ ከሆነ አሳዪኝ» አላት።

«እኔ?»

«አንቺ ከጅብ ታንሻለሽ። ለጅብ የሚበቃ ቀዳዳ ለአንቺ ሰፊ ነው።»

ቀበሮ ከአጥሩ ራቅ አለች። «እሾህ አይስማማኝም» አለች።

«እንግዲያውስ ደህና እደሪ።»

ቀበሮ ሄደች። ቡላ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ባጠገቡ አላለፈም። ያ አህያ ምን ሆኖ ይሆን እያለ ሲያስብ አደረ። ጎህ ሊቀድ ሲል ተነከረ። ቁስሉ ጠርዝ ጠርዙን ደረቅ ብሏል።

ቀትር ላይ ኤሊ ስትመጣ «እማማ፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አላት።

«ወጥተሃል?»

«አልወጣሁም።»

«ደንቡ እደር ነው የሚለው፤ ተኛ አይልም። ሁለት ሆነልህ።»

ቀበሮ ያን ቀን አልተኛችም። ለፍል ውሃ የመጡ ሰዎች ጥለውት የሄዱ ታቹ የወለቀ ገንቦ አገኘች። እየገፋች፣ እያረፈች፣ ከረግረጉ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ አወጣችው። ሲመሽ አያ ጅቦን ጠራችው።

«በደንብ ስማኝ» አለችው። «እኔ እዚያ ሆኜ በገንቦው ውስጥ እጮኻለሁ። ድምፄ እንደ አንበሳ ይሆናል። አህያው አንበሳ መጣ ብሎ ከፍቶ ይወጣል። አንተ በሩ ፊት ቆመህ ትጠብቀዋለህ። ገባህ?»

«ገባኝ። አንበሳው ሲመጣ እኔን ምን ይለኛል?»

«አንበሳ የለም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ። ብቻ አንበሳው እንዳይቀድመኝ ንገሪው።»

ቀበሮ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትታው ትሄድ ነበር። ነገር ግን አህያ የሚጥል ጥርስ ያለው እሱ ነው።

ያን ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም። ቡላ «ቅል» እያለ፣ «ግራር» እያለ አመሸ። ጃርትም ስሎ አለፈ። ዛሬን ካደረ ወደ ቤቱ ነው። ይህን እያሰበ ሳለ ከቋጥኙ በኩል መሬት የሚያንቀጠቅጥ ግሳት መጣ። ወዲያው ደግሞ ከገደሉ በኩል ተደገመ።

ቡላ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ አያስታውስም። ራሱን ሲያገኝ መቀርቀሪያውን ነክሷል። ግንዱ እስከ ግማሹ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ቢስብ በሩ ክፍት ነው። ሰውነቱ ሁሉ «ውጣ» ይለዋል። ጆሮው ይላል፤ ጅራቱ ይላል፤ ሆዱ ሳይቀር ይላል።

ግንዱን እንደነከሰ ኮቴውን መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው በጣም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሁለት ጊዜ ቆጠረው፤ አምስት ሆነ። እንደገና ጀመረ። በዝግታ ረገጠ። አራት ናቸው።

«አልተበላሁም» አለ በልቡ። ከዚያ ጆሮውን አቆመ።

በረግረጉ በኩል እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ። ግሳቱ የመጣው በእነሱ ማዶ ነው። አንበሳው ወደዚህ ቢመጣ በመካከላቸው ማለፍ አለበት። አንዲቱ እንኳ ዝም አላለችም። ቡላ ትንፋሹ ትንሽ ተመለሰ።

ቀጥሎ ሌላ ነገር አስተዋለ። የቦዩ እንቁራሪቶች አይሰሙም። ሲመሽ ይጮኹ ነበር። አሁን በበሩ ፊት ጸጥ ብሏል፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ጸጥታው ራሱን የቻለ ጉድጓድ ይመስላል። እግር ያለው ነገር እዚያ ቆሟል።

የሚያገሳው ማዶ ነው፤ የሚበላው ግን በሩ ላይ ነው። ቡላ ጥርሱን አላቀቀና መቀርቀሪያውን በግንባሩ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰው። እሾህ ግንባሩን ወጋው፤ አልተሰማውም። ከዚያ በስንጥቁ በኩል ተናገረ።

«አያ ጅቦ።»

ከበሩ ውጭ አንድ ነገር ፈቀቅ አለ።

«አያ ጅቦ፤ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ አያ ጅቦ።

«እንኳንም አልሆንክ። አንበሳ እየመጣ ነው።»

«አንበሳ አይደለም። ቀበሮ ናት። በገንቦ ውስጥ ነው የምትጮኸው።» ጥቂት አሰበና ጨመረ፤ «አንተ ግን ይህን አታውቅም።»

«ከየት ላውቅ» አለ ቡላ። «ከቋጥኙ ላይ ያለችው እሷ ናት ማለት ነው?»

«እሷ ናት።»

«ከገደሉ በኩል ያለውስ?»

አያ ጅቦ ወደ ገደሉ ዞረ። ገንቦው እንደገና አገሳ። ገደሉም አገሳ።

«ስንት ቀበሮ ነው ያለህ?» አለ ቡላ።

«አንድ።»

«ስንት ጊዜ ሰማህ?»

አያ ጅቦ በእግሩ ጣት ቆጠረ። አንድ ቀበሮ፤ ሁለት ግሳት። አንዱ ተረፈ። የተረፈው የማን ነው? ከዚህ በፊት የተረፈ ነገር አስጨንቆት አያውቅም፤ ያገኘውን ይበላዋል። ይህ ግን የሚበላ ዓይነት አይደለም።

«እመት ቀበሮ» ብሎ ተጣራ በቀጭኑ።

ገደሉም ከጨለማው ውስጥ «ቀበሮ» አለ በወፍራሙ።

አያ ጅቦ የሚያውቀው አንድ መጠጊያ ነበር፤ ወደ ቀበሮ ሮጠ። ቡላ ሩጫውን በእንቁራሪቶቹ ሰማው። የቦዩዎቹ መጮኽ ጀመሩ። የረግረጉ የወዲህ ዳር ዝም አለ፤ መካከሉ ዝም አለ፤ ማዶው ዝም አለ። ቀበሮ በቋጥኙ ላይ ጭንቅላቷን ከገንቦው ከትታ ሳለች አንድ ትልቅ ነገር ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ እሷ ሲመጣ ሰማች። ገንቦ ደግሞ ሁሉን ነገር አጉልቶ ያሰማል። «እውነተኛው መጣ» ብላ ጭንቅላቷን ልታወጣ ጎተተች። ጆሮዋ ያዛት። ከነገንቦዋ ተነሥታ ሮጠች። አያ ጅቦ ደርሶ ሲያይ አንገት የሌለው፣ ሆዱ ጭንቅላቱ ላይ ያለ አውሬ እያገሳ ይመጣበታል።

«የተረፈው ይሄ ነው» አለና በመጣበት ተመለሰ። አላቆመም። ሦስት ወንዝ እንደተሻገረ ይነገራል።

ቡላ ከአጥሩ ውስጥ ቆሞ ሁሉም ነገር እስኪረጋ ጠበቀ። ጠብ ጠብ አለ። «ቅል» አለ። ረግረጉም ከዳር እስከ ዳር ጀመረ። ጎህ ሊቀድ ሲል ውሃው ጋለ፤ ቡላም ለመጨረሻ ጊዜ ተነከረ።

ኤሊ ቀትር ላይ ስትደርስ ከቋጥኙ ሥር የገንቦ ስብርባሪ አገኘች። እየዞረች አየችው።

«አደርክ?» አለችው ቡላን።

«አደርኩ።»

«ተኛህ?»

«ደንቡ ተኛ አይልም።»

ኤሊ አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ ውስጥ ከተት አድርጋ ሳቀች። የቡላን ጀርባ አየች፤ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይዟል። ግመልም ተራው ደርሶ እየተጎተተ መጣ። ከአጥሩ በላይ በረጅም አንገቱ ወደ ውስጥ ተመለከተና «ሌሊቱ እንዴት ነው?» ብሎ ቡላን ጠየቀው፤ እንደ ዋዛ ነው የጠየቀው፤ ከንፈሩ ግን ይንቀጠቀጣል።

«መጀመሪያ ና፤ ቅሉን ላሳይህ» አለው ቡላ።

ግመልን ከቅሉ፣ ከግራሩ፣ ከጃርቱ ጉድጓድ አደረሰው። ሲመለስ ኤሊ መንገዱ ላይ ትጠብቀው ነበር።

«እማማ፤ አንድ ነገር ልንገርዎት» አላት ቀረብ ብሎ። «አሁንም እፈራለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ቡላ ቤቱ ሲደርስ አውድማው አላለቀም ነበር። ጫኔ ጀርባውን ዳበሰ፤ እንደገና ዳበሰና ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። ያን ማታ ቡላ ከበረት አደረ፤ ከደጅ ይደር የሚል ነገርም በዚያ ቤት ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

ከዚህ የምንማረው ኤሊ ቡላን ስትሸኘው መጨረሻ ላይ ያለችውን ነው፦ «ፍርሃትህ አብሮህ ይደር፤ መቀርቀሪያውን ግን አታስነካው።»